የባሕሩ ምሽግ በር

ይህን የባሕር ዳር ምሽግ ቱርክ ሠራው፣ ግብፅ አጠረው፣ ጣልያን መድፍ ተከለበት። መኮንኖቹ ለእንግዳ ሲተርኩ ሳህን እያነሳሁ የሰማሁት ታሪክ ነው። ሁሉም ግን ሲሸሹ በሩን ወለል አድርገው ትተው ነው የሄዱት። እኔ ዘጋሁት።

ጠላት በየብስ በኩል መቅረቡ የተሰማ ዕለት ሻለቃ አንዳርጌ ሰዉን ሁሉ ጀልባ ላይ ጫነው። እኔም ልሳፈር እግሬን ሳነሳ፣ “ለወጥ ቤት ቦታ የለም! አንተ እዚሁ ሆነህ ጭስ አብዛ፣ ሰው ያለ ይምሰላቸው” አለኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። ይሳቁ! የብረቱን በር ቀረቀርኩና በድንጋይ አስደግፌ፣ ጥለውት የሄዱትን አሮጌ ጠመንጃ ታቅፌ ተቀመጥኩ። እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ በር ማንም አይገባም አልኩ።

ቀትር ላይ በሩ ተደበደበ።

“ክፈት!”

“ማነህ አንተ?”

“ሻለቃው ነኝ! የጠላት መርከብ መውጫውን ዘግቶ መለሰን። ቶሎ በል እንጂ፣ በየብስ የመጡትም ደረሱብን!”

ድምፁ የእሱ ነው። በቀዳዳው አጮልቄ ሳይ ፊቱም የእሱ ነው። የሳቁብኝም ከኋላው ተኮልኩለዋል።

“የይለፍ ቃል!” አልኩ።

“አንተ ርጉም! ‘ነጭ ግመል’ ነው! ነጭ ግመል! ክፈት በቃ!”

“ትክክል ይሆናል ጌታዬ፣ ግን በምን ልወቀው? ለወጥ ቤት አይነገርም ብለው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ውኃ ቀድቼ በመጣሁ ቁጥር፣ አሁን እርስዎ የቆሙበት ፀሐይ ላይ ያቆሙኝ ነበር እኮ።”