የኔሊዳ እንቁላል

ኔሊዳ ከዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ደጃፍ አንድ እንቁላል ጨብጣ ቆማ ነበር። ውስጥ ልጇ ሚላግሮስ በሥነ ሕንፃ ዲዛይን አስተዳደር የሠራችውን የማስተርስ ጥናት ለፈታኞች እያቀረበች ነበር። በሮዛሪዮ ከተማ ልማድ፣ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ወዳጅ ዘመዶቹ ለደስታ እንቁላልና ዱቄት ሳያወርዱበት ቤቱ አይገባም።

«ከወደቀችስ?» አለች ኔሊዳ።

«ጠብሰን እንበላዋለና! አንቺ ደግሞ ሟርትሽ!» አለቻት የዱቄት ከረጢት ታቅፋ አጠገቧ የቆመችው እህቷ።

በሩ ተከፈተ። ሚላግሮስ አንገቷን አቀርቅራ ወጣች። ኔሊዳ እጇን ጨበጠች። ልጅቷ ግን እናቷ በግድ ያስለበሰቻትን አዲስ ኮት ቁልፉን አንድ በአንድ ፈትታ አወለቀችው። ከሥሩ ቀለም የነካው አሮጌ ከናቴራ ታየ።

«እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅቻለሁ። አልፌያለሁ እማ! ወርውሪ እንጂ!»

ኔሊዳ እጇን አነሳች። እንቁላሉ ከጭንቀቷ ብዛት መዳፏ ውስጥ ፈርጦ ነበር። በዚያው እጇ የልጇን ፀጉር ዳበሰች።