ከገጹ የወረደው ቀብር

የቤተ ክርስቲያኑ የኢንተርኔት ገጽ የተከፈተው ለስብከት ነበር። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ምእመኑ ተበትኗል፣ ወጣቱ ባሕር ዳር ነው፣ ሴቶቹ ዓረብ አገር ናቸው፣ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ በስልክ ይድረስላቸው ተባለ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ሥራው ግን ኤሌኒ ላይ ወደቀ።

ኤሌኒ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስትተይብ ትውልና ቅዳሴውን፣ ስብከቱን፣ የበዓሉን ማስታወቂያ ገጹ ላይ ትለጥፋለች። የሚከፍላት የለም፤ የሚወቅሳት ግን ሞልቷል። ስብከቱን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ሰው የሞተ ቀን ግን ገጹ አፍታ አያርፍም።

አቶ በላይነህ በታኅሣሥ ሲሞቱም እንደ ልማዷ ቀብሩን በቀጥታ አስተላለፈች። የሰንበቴ ማኅበር አባል፣ የተከበሩ ገበሬ ነበሩ። ፍትሐቱ እንዳለቀ ነፍስ አባታቸው ቄስ ደምሴ በሰው መሀል እየተጋፉ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያረግሽ ነው?»

«ቀብሩን እያስተላለፍኩ ነው፣ አባ።»

«ልጆቻቸው ዓረብ አገር እኮ ናቸው! መርዶ በስልክ ይነገራል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የዚህስ በምን ይታሻል?»

ኤሌኒ ስርጭቱን አቋርጣ ከገጹ አጠፋችው። የአቶ በላይነህ ሁለት ሴት ልጆች፣ ብርቱካንና ማስተዋል፣ አንድ ከተማ ውስጥ በየፊናቸው ሰው ቤት ተቀጥረዋል። ዘመድ አዝማድ ተማከረ። በሰው አገር፣ ደግፎ የሚይዛቸው በሌለበት አይሰሙም፤ ሲመጡ በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ ይነገራቸዋል ተባለ። እስከዚያው «አባታችሁ ጉልበቱን አሞት ወንዛዬ ፍል ውኃ ነው» ይባሉ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የኤሌኒ ሥራ ከመለጠፍ ይልቅ ማጥፋት ሆነ። አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጽፋል፤ ታጠፋለች። ሌላው የአርባውን ፎቶ ይልካል፤ ታጠፋለች። የሟቹ ባለቤት እትዬ ፈንታነሽ ከቅዳሴ ሲወጡ ሁልጊዜ ያገኟታል።

«አላዩትም አይደል፣ ልጄ?»

«አላዩትም፣ እትዬ። አይሥጉ።»

«ብርቱካን ትደውላለች። ማስተዋልን እመቤቷ ስልክ ከልክላታለች አለችኝ። ብርቱካንም ብትሆን አባዬን አቅርቡልኝ ብላ አትጨቀጭቀኝም። ዱሮ እሱን ሳታነጋግር ስልክ አትዘጋም ነበር። ምን ነክቷት ይሆን?»

ኤሌኒ ነገሩ ገባት። ልጅቱ ቀብሩን አይታለች። በሰው ማድቤት ቆማ የአባቷን ሬሳ በስልክ አይታ፣ እንባዋን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ኤሌኒ ያን ሁሉ ስብከት ስትለጥፍ እንደዚያን ቀን ተጸጽታ አታውቅም። ለእትዬ ፈንታነሽ ግን ምንም አልተነፈሰችም።

ብርቱካን ለእንቁጣጣሽ መጣች። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛ ነበር፤ አንዱ የማስተዋል ነው፣ እሷ ስትለቀቅ ትከተላለች አለች። ለአባቷ ወፍራም ካፖርት አምጥታ አልጋቸው ላይ ዘረጋችላቸው። እትዬ ፈንታነሽ ይህን ለኤሌኒ ሲነግሯት እንባቸው ቀደማቸው።

«ምንም አላወቀችም ማለት ነው፣ አንጀቴን በላችው» አሉ።

ኤሌኒ ግን ታስመስላለች ብላ አሰበች። እናቷ እንዳትሳቀቅ ነው።

በማግስቱ ብርቱካን ራሷ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ መጣች። ከስታለች፤ ዓይኗ የእንቅልፍ ያለህ ይላል። ባለጉዳዮቹ እስኪወጡ ጠበቀች።

«የቤተ ክርስቲያኑን ገጽ የምትይዢው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ሲሞት የምትለጥፊው ማን ፈቅዶልሽ ነው?»

ኤሌኒ ፊቷ ጋለ።

«ዱሮ የሰማሁትን ሁሉ እለጥፍ ነበር። አሁን ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አልለጥፍም።»

«እናቴስ ገጹን ታየዋለች?»

«እሳቸው? ስልካቸውን ለማንሳት እንኳ ሰው ይጠራሉ።»

«ተመስገን» አለች ብርቱካን። ለመሄድ ተነሥታ ደግሞ ቆመች። «እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በወገኑ መሀል ሆኖ ነው መስማት ያለበት፣ ኤሌኒ።»

ኤሌኒ ይቅርታ ልትላት አፏን ከፈተች። መርዶው ሳይነገር ይቅርታ አይጠየቅም፤ ዋጠችው። ብርቱካን እንደወጣች ሱቁን ዘግታ ቄስ ደምሴ ቤት ሄደች።

«አባ፣ ልጅቱ አውቃለች። የኔ ጥፋት ነው።»

ቄስ ደምሴ በረጅሙ ተነፈሱ። እሳቸውም ደክሟቸዋል፤ ብርቱካን ከመጣች ጀምሮ ላግኝዎት እያለች ስትልክባቸው፣ ላለመዋሸት ሲሸሹ ነበር የሰነበቱት።

«ታዲያ ብቻዋን ይዛው ከርማለች ማለት ነው፤ ምስኪን» አሉ። «ብታውቅም ባታውቅም፣ በወጉ ይነገራታል። ነገ ማልደን እናርዳት።»

ንጋት ላይ ካፊያ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ተከታትለው ወደ እትዬ ፈንታነሽ ቤት ሄዱ። ኤሌኒ ከኋላ ነበረች። ከእሷ የተጀመረ ነገር እሷ በሌለችበት እንዲያልቅ አልፈለገችም።

ቄስ ደምሴ በሩን ሳያንኳኩ ተከፈተ። ብርቱካን ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳ ወጣች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ ማልቀስ ጀመረ።

ብርቱካን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«ሰምታችኋል ማለት ነው» አለች በሹክሹክታ። «እማዬ ሳትነቃ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ላለቅስ ነበር። እባካችሁ፣ ለእማዬ ዛሬ አትንገሯት፤ አባዬ ከፍል ውኃው ይምጣና የማስተዋልን መርዶ ሁለቱም አብረው ይስሙ።»