ከላባ የሚቀል ቦርሳ

ናፍቆት በኪሎ መመዘን ከጀመረ ወዲህ፣ ተራራ የሚወጣ ሰው ቤት ትቶት የሄደውን ሰው በናፈቀው ልክ ቦርሳው ይከብደዋል። ለባሌ ለመኳንንት ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ በጣም ቀላል ቦርሳ ሰፋሁለት። ማንገቻውን ግን በስፖንጅ አወፈርኩት፤ እኔን ሲናፍቅ ትከሻው እንዳይላጥ ብዬ።

ዛሬ ከራስ ዳሽን ተመለሰ። ቅባት አሙቄ ጠበቅኩት። ሸሚዙን ሳወልቅለት ትከሻው ላይ አንዲት ሰንበር የለችም።

«እጅሽ ይባረክ!» አለኝ እየሳቀ። «የተሸከምኩም አልመሰለኝ፤ ላባ ነው!»

ስፌቴን ያሞገሰ መስሎታል።

ቅባቱን ከድኜ አስቀመጥኩት። ከግድግዳው ማዶ፣ አብሮት ተራራ የወጣው ጎረቤታችን ሚስቱን፣ «ቀስ በይ እንጂ የውብዳር! ትከሻዬ እኮ አለቀ!» እያለ ያቃስታል።

የታደለች!