የዝንቧ ወገን

አዛውንቱ የዝንብ ተመራማሪ ማይክሮስኮፑ ላይ ሲያጎነብሱ፣ ሥራውን ያስተማሯት ሴት ከኋላቸው ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትል ነበር። አንዲትን የቤት ዝንብ ዘመድ፣ ጀርባዋ ላይ ፀጉር የላትም ብለው በወጣትነታቸው ፀጉር ከሌላቸው ዝንቦች ወገን መድበዋት ነበር። ዘንድሮ ሴትየዋ የያዘቻት አምሳያዋ ግን ፀጉሩ አላት፤ ወገኗም ሌላ ነው። የፊተኛዋን ፀጉር የነቀለው ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጧት እሳቸው ራሳቸው የሰኩባት መርፌ ኖሯል።

«ጋሼ፣ እርስዎን ለማሳጣት ብዬ አይደለም...»

«ዝም በይ አንቺ!» ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አሮጌዋን ዝንብ ከነመርፌዋ ከሳጥኑ ነቅለው አስጨበጧት። «ምስኪን፣ በእኔ ጦስ ዕድሜዋን በባዳ ቤት ኖረች! በይ፣ ዘመዶቿ ጋ ውሰጃት። ተባረኪ ልጄ፤ ከሞትኩ በኋላ ብታርሚኝ ኖሮ ማን ይመርቅሽ ነበር?»