ሁሉም «ቆንጆ ነው» ያለው የሠርግ ካርድ

«ፐርፌክት! ቆንጆ ነው!» አለ ሳሚር... ካርዱን ገና ከፖስታው ሳያወጣው።

ካርዱን ያተመው ዘርይሁን አላመነውም።

«እስቲ አንዴ አንብበው ብራዘር... እኔ ጉጃራቲ አላውቅም።»

ሳሚር ካርዱን አወጣ። ከላይ ወደ ታች አየው። እንደ ዳኛ ራሱን ነቀነቀ።

«ቆንጆ ነው» አለ ደግሞ።

ሳሚር ሙሽራው ነው። ለንደን የተወለደ የህንድ ልጅ። ያሳደጉት ሴት አያቱ ናቸው... «ባ» ነው የሚላቸው።

ባ አንድ ነገር ተናግረዋል።

«ካርዱ በቋንቋችን በጉጃራቲ ካልተጻፈ ሠርግህን እግሬ አይረግጥም!»

ጽሑፉንም በአሮጌ ኮምፒውተራቸው ራሳቸው ተይበው ሰጡት።

ለንደን ሃርልስደን ሰፈር፣ ዘርይሁን ማተሚያ ቤት ውስጥ ፋይሉ ሲከፈት ግን... ጉጃራቲ የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት... ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

ዘርይሁን ሳቀ። ይህን በሽታ ያውቀዋል! የድሮ የአማርኛ ፋይልም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ እንዲሁ ነው የሚያብደው።

«ኮንቨርት ይደረጋል፣ አታስብ» ብሎት ነበር ሳሚርን።

ኢንተርኔት ላይ መቀየሪያ አገኘ። መቀየሪያው «ወደ የትኛው ቋንቋ?» ብሎ ጠየቀው። ከላይ ያለው «ሂንዲ» ነው።

ያው የህንድ አይደል? ተጫነው።

የሚያማምሩ ፊደላት ተደርድረው ወጡ። ወርቃማ ካርድ ላይ ታተሙ። ሳሚር «ቆንጆ» ካለ በኋላም ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ በፖስታ ተላኩ።

ዘርይሁን ግን መቀመጥ አቃተው።

ነገሩ ከነከነው... አንዱን ካርድ ይዞ ማዶ ያለው ፋርማሲ ገባ። ፋርማሲስቱ ቤተሰቦቹ ከጉጃራት የመጡ የለንደን ልጅ ነው።

«ዋው፣ ቆንጆ!»

«ምን ይላል?»

ፋርማሲስቱን ወዲያው ደንበኛ ጠራው።

የህንድ ልብስ፣ ሳሪ ወደምትሸጠው ሴት ሮጠ። «ውይ፣ ሲያምር!» አለች።

«ምን ይላል?»

«ስልኬ ጮኸ!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች... ዘርይሁን ግን ሲጮኽ አልሰማም።

ማታ ቤቱ ገብቶ ሶፋው ላይ ይገለባበጣል። ባለቤቱ እታለማሁ አፈጠጠችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሶፋውን አፈረስከው እኮ!»

«ሁሉም ቆንጆ ነው አለኝ...»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«የሚያነበው ጠፋ!»

እታለማሁ ካርዱን ተቀበለችው። አገላብጣ አየችው።

«ዘሪ... የሳሪ ሱቋ ቦርድ ላይ ያሉት ፊደሎች አናታቸው ላይ መስመር የላቸውም። እነዚህ ግን ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ተንጠልጥለዋል።»

ዘርይሁን ስልኩን አውጥቶ ቼክ አደረገ።

የሂንዲ ፊደል ነው! ቃላቱ ደግሞ የማንም ቋንቋ አይደሉም!

«ያው የህንድ ነው ብዬ እኮ ነው...»

«እሰይ! ፈረንጅ አማርኛችንን አይቶ “ዐረብኛ ነው?” ሲልህ ሳምንት ሙሉ የምታኮርፈው አንተ አይደለህም?»

«ዝም ብንልስ? ሁሉም ወዶታል...»

«አሮጊቷስ? እሳቸው ማንበብ ይችላሉ። ተቀይመው ቢቀሩበትስ? ልጁ እኮ ከሳቸው ሌላ እናት የለውም!»

ጠዋት 18 ቁጥር አውቶቡስ ይዞ ወደ ዌምብሊ፣ ባ ቤት ሄደ። አድራሻውን ያውቀዋል፤ ፖስታውን የላከው ራሱ ነው። መንገድ ላይ ወርዶ ሊመለስ ፈለገ... ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ...

ባ በሩን ከፈቱ። ካርዱ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ቆሟል።

«እማማ... ያንን ካርድ ያተምኩት እኔ ነኝ። የተጻፈው ቋንቋዎ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጁን አይቀየሙት፤ እባክዎ ሠርጉ ላይ ይገኙለት።»

ባ ትክ ብለው አዩት።

«ከፖስታው ሳወጣው ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ልጆቼ መጡ... ምራቶቼ መጡ... ሁሉም ካርዱን እያነሱ “ባ፣ እንዴት ያምራል!” አሉኝ። አንዳቸው እንኳ “ምን ይላል?” ብሎ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። የጠየቀኝ የለም። እኔም ያዘጋጀሁትን ሳሪ ሻንጣ ውስጥ መልሼ ከተትኩ።»

ዘርይሁን አንገቱን ደፋ።

ባ ስልካቸውን አንስተው ደወሉ። ድምፁን ስፒከር ላይ ለቀቁት።

«ሳሚር፣ መነጽሬ ጠፋብኝ። ካርዱን እስቲ አንብብልኝ።»

«ባ፣ እየነዳሁ ነው...»

«አቁምና አንብብ።»

«ካርዱ እኮ ቤት...»

ዘርይሁን አላስቻለውም።

«ብራዘር! እኔ ተናዝዣለሁ! አንተም ተናገርና ይውጣልህ!»

ከስልኩ የሳሚር ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

«ባ... ማንበብ አልችልም። በየልደቴ የምትጽፊልኝንም አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም። አፍሬ... የልብ ምልክት ብቻ ነበር የምልክልሽ።»

ባ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አሁንማ ሠርግህ ላይ እመጣለሁ» አሉ። «ከሠርጉ በኋላ ሚስትህን ይዘህ ና፤ አንድ በአንድ አነብልሃለሁ።»

ስልኩን ዘግተው ወደ ዘርይሁን ዞሩ።

«አንተም ሠርጉ ላይ ትመጣለህ። ሚስትህንም አምጣ... ካርድ ግን እንዳታትምልኝ!»

ውድ የገጻችን ቤተሰቦች... ከዚህ ታሪክ ብዙ እንማራለን።

በመጀመሪያ፣ ሂንዲና ጉጃራቲ አንድ አይደሉም። ይህን በነጻ አወቃችሁ።

ሲቀጥል... «አላውቅም» ያለ ሰው ለአንድ ደቂቃ ያፍራል። «ቆንጆ ነው» ብሎ ያለፈ ግን የሚወደውን ሰው ለዓመታት ብቻውን ያስወራዋል።

እናንተስ... እናት አባታችሁ የጻፉላችሁን ሳታነቡ ልብ ብቻ የላካችሁበት ቀን የለም? ምን ብለዋችሁ ነበር? ሄዳችሁ አንብቡና ኮመንት ላይ ንገሩን።

እስከዚህ ያላነበባችሁ ደግሞ... እንደ ልማዳችሁ «ዋው፣ ቆንጆ ታሪክ» ብላችሁ እለፉ። 🙏