የጁምዓ ተረኛ

ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ጽሕፈት ቤት አርባ ኮምፒውተር አለው። አርባውም ኢንተርኔት የሚያገኙት ፕሮክሲ በሚሉት አንድ ሰርቨር በኩል ነው። እሱ ደግሞ እንደ ሰነፍ በሬ ባሰኘው ሰዓት ይተኛል። ሲተኛ ባለጉዳይ ይጮኻል።

ስለዚህ ከሁለቱ ባለሙያዎች፣ ከአሕመዲንና ከአራጋው፣ አንዱ ሁልጊዜ አጠገቡ መኖር አለበት። ጁምዓ አሕመዲን መስጊድ ሲሄድ አራጋው ይጠብቃል። ወር በገባ በአሥራ ሰባት አራጋው ለእስጢፋኖስ ገዳሙን ሊሳለም ሲሄድ አሕመዲን ይጠብቃል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲተካኩ ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም። ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺሀረግም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

በመስከረም "ከሁለቱ አንዱ ይቀነሳል" የሚል ወሬ መጣ። አራት ልጆች የሚያሳድገው አሕመዲን ጭንቅ ገባው።

አንድ ጁምዓ ስልኩን ረስቶ ከመንገድ ተመለሰ። የሰርቨር ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። አራጋው አዲስ ማሽን ላይ አጎንብሶ ለወይዘሮ የሺሀረግ ያስረዳል።

"አንደኛው ሲወድቅ ይሄኛው ራሱ ይረከባል። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ይበቃል። አሕመዲን ግን እስኪያልቅ እንዳይሰማ።"

አሕመዲን ስልኩን ሳያነሳ ወጣ። መስጊድ ደርሶ ምን እንደሰገደ እንኳ አላወቀም። ሚስቱን ምጥ ሲጠናባት ደሴ ሆስፒታል ያደረሰለት አራጋው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

"ምነው ከፋህ፣ ያ አሕመዲን?" ይለዋል አራጋው ሰኞ ጠዋት።

"አብሽር፣ ደህና ነኝ ወላሂ።"

አራጋው ዓይኑን ሰበር አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይሄ ደግሞ አሕመዲንን የባሰ አበገነው። ሌባ ዓይን ለዓይን አይተያይም ብሎ አሰበ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙከራው ተደረገ። አራጋው የአሮጌውን ሰርቨር ገመድ ነቀለ። አርባው ኮምፒውተር ሥራውን ቀጠለ፤ አንድም ሰው አልጮኸም። አሕመዲን ሌሊቱን ሲያብሰለስለው ያደረውን ወረቀት ይዞ ቀጥ ብሎ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ። "አቶ አራጋው በየወሩ በአሥራ ሰባት ሥራ ጥሎ ይሄዳል" ይላል ክሱ።

ወይዘሮ የሺሀረግ ሁለቴ አነበቡት።

"ምን ነካህ፣ አሕመዲን? አራጋው እኮ 'እሱ ልጆች አሉት፣ እኔን ቀንሱኝ፤ ብቻ ጁምዓ የሚጠብቅለት ማሽን ሠርቼ ልሂድ' ብሎ ከፈረመ ወር አለፈው።"