የማዘር እጅ

የቆመው ባጃጅ የልጄ የበኃይሉ አይደለም። እሱ በር ላይ ሲደርስ ክላክስ ያደርጋል፤ ይሄ ዝም ብሎ ቆመ። የዓሣ ቅርፊት የምፍቅበትን ቢላ እንደያዝኩ እነሳለሁ። ተገለበጠ ሊሉኝ ነው። ሴቷ ልጄ ሳያት ከገዳም ከወጣች ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር የማስበው ይህንኑ ነው።

የሚገቡት ግን የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ኩማ ናቸው። ከኋላቸው ነጭ የለበሱ መነኩሲት ይከተላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው፤ ልጄ መሐላ የፈጸመች ዕለት። ማዘር፣ የገዳሙ አለቃ።

«እንዴት ዋልሽ፣ የሳያት እናት! ይሄ ከአሞራ ገደል ገበያ የመጣ ዓሣ ነው፤ አፍንጫዬ ነው ቤትሽን ያሳየኝ» ይላሉ ጋሽ ኩማ። ብቻቸውን ይስቃሉ።

ደንግጬ ቢላውን አስቀምጣለሁ፤ በቆሸሸ እጄ ሻሼን አስተካክላለሁ። ከዚያ ለማዘር ክንዴን እዘረጋለሁ፤ መዳፌ ቅርፊት በቅርፊት ነው። ክንዴን ይዘው ይጨብጡኛል።

ልጄ ማታ ማታ ከዚህ እጅ ሥር ተንበርክካ «ይፍቱኝ፣ ማዘር» ስትል ኖራለች። የሚፈታ ቄስ መሆኑን እኔ አሥረኛ ክፍል የቀረሁት እንኳ አውቃለሁ። ማዘር ግን ሲስተሮቹ ለአባ ከመናዘዛቸው በፊት ኃጢአታቸውን ለእሳቸው እንዲናገሩ ያዝዙ ነበር። የሰሙትን ደግሞ ምሳ ላይ በሁሉም ፊት ያነሱታል። ሳያት ልውጣ ስትላቸው እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው፣ «ከዚህ ግቢ የወጣሽ ዕለት የእናትሽ ቤት ሐዘን ይገባዋል» አሏት።

ይህን ስትነግረኝ አቅፌ «ውሸት ነው» አልኳት። በማግስቱ በኃይሉን ባጃጁን ሽጠው አልኩት።

ሳያት ሽንኩርት የከተፈችበትን ሳህን ይዛ ከጓዳ ብቅ ትላለች። ማዘርን ስታይ ባለችበት ትቆማለች።

«ነይ የኔ ልጅ፣ አትፍሪ» ይላሉ ጋሽ ኩማ። «ማዘር ይቅርታ ሊጠይቁሽ ነው የመጡት። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ዝቅ የሚል ስንት ሰው አለ? ሰኞ የገዳሙን ነገር በሚያጣሩት ሰዎች ፊት ቀርበሽ ቃል ልትሰጪ ነው አሉ። ዕርቅ ከወረደ እዚያ ድረስ ምን ያስኬድሻል?»

እኔም በልቤ እሺ በይ እላለሁ። እሺ በይና እርግማናቸውን ያንሱልን። ወንድምሽ አሁን መናኸሪያ ነው፤ ከአይሱዙና ከአውቶቡስ መሀል ነው የሚሽሎከለከው። እሺ በይ።

ማዘር ወደ ሳያት ይጠጋሉ። ድምፃቸው የለሰለሰ ነው። «ልጄ፣ ባጠፋሁብሽ ሁሉ ይቅር በዪኝ።»

ይህን እያሉ ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ይነሳል። አፋቸው ይቅርታ ይለምናል፣ እጃቸው ሊባርክ ይነሳል። ያወቁት አይመስለኝም።

ሳህኑ ይወድቃል። ሽንኩርቱ ሲሚንቶው ላይ ይበተናል። ሳያት ተንበርክካለች።

«ይፍቱኝ፣ ማዘር» ትላለች።

ጋሽ ኩማ አንዴ እሷን፣ አንዴ ማዘርን ያያሉ። «እንዴ» ይላሉ ቀስ ብለው፣ «ይቅርታ ጠያቂዋ ማን ነበረች?»

ሳያት የተናገረችው አሁን ይሰማታል። አፏን በመዳፏ ትይዛለች። ልትነሳ ትሞክራለች፤ ጉልበቷ አይታዘዛትም። ዓይኗ የማዘር እጅ ላይ ቀርቷል። እጁም እንደለመደው ወደ አናቷ ይወርዳል።

እኔ ደፋር አይደለሁም። መብረቅ ሲጮህ አልጋ ሥር የምገባ ሴት ነኝ። አሁን ግን ከልጄ ፊት እንበረከካለሁ፤ ራሴን ከእጁ ሥር አስገባለሁ። በልቤ በኃይሉን እየጠራሁ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የሚወርድ ነገር ካለ እኔ ላይ ይውረድ።

እጁ ሻሼ ላይ ያርፋል።

እጠብቃለሁ።

«ተነሺ፣ ሳያትዬ» እላለሁ ዓይኔን ሳልገልጥ። ክንዴን ወደ ኋላ እዘረጋላታለሁ። ትይዘዋለች። ክብደቷን ሁሉ እኔ ላይ ጥላ ትነሳለች።

«ማዘር» ስትል እሰማለሁ ከበላዬ። «ይቅር ብዬዎታለሁ። ከወጣሁ ጀምሮ ስጸልይበት ነበር፤ ከልቤ ነው። ሰኞ ግን እሄዳለሁ።»

«ይቅር ካልሽኝ ምን ልትዪ ነው የምትሄጂው?»

«የሆነውን። እዚያ የቀሩ እህቶች አሉ። ዛሬም ማታ ይንበረከካሉ።»

እጃቸው አሁንም ራሴ ላይ ነው። ከባድ ይሆናል ብዬ ነበር። ቀላል ነው፤ የአሮጊት እጅ ነው።

ሲያነሱት ዓይኔን እገልጣለሁ። ከሻሼ የለቀቀ የዓሣ ቅርፊት መዳፋቸው ላይ ተጣብቋል። ነጩ ቀሚሳቸው ላይ ይጠርጉታል፤ እዚያም ተጣብቆ ያብለጨልጫል።

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል። በራችን ላይ ሲደርስ ቀዝቀዝ ይላል። ክላክሱን ለመስማት ትንፋሼን እውጣለሁ። ክንዴን ግን ከሳያት እጅ አላስለቅቅም።